ከእርሻ ትምህርት ወደ ሥዕል፦ የገብረ ክርስቶስ ደስታ የሙያ ሽግግርና ያስቻሉት ሁኔታዎች

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ የሠዓሊውንና የገጣሚውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን (1932–1981) ሕይወት ከአንድ ጥያቄ አንጻር ይመረምራል። ጥያቄው፣ አንድ ወጣት አስተማማኝ የኑሮ መስመር ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለሥነ ጥበብ ትምህርት ሲሰጥ ውሳኔውን ለፍሬ የሚያበቃው ምንድን ነው የሚል ነው። ስለ ገብረ ክርስቶስ በብዛት የሚነገረው ታሪክ ትኩረቱን በግል ድፍረቱ ላይ ያደርጋል። የጽሑፉ መከራከሪያ ግን ድፍረቱ ሦስት ድጋፎች ባይኖሩት ኖሮ ዛሬ የምናውቀውን ውጤት ባላስገኘ ነበር የሚል ነው። እነዚህም ከቤት የተወረሰ የእጅ ሙያ፣ የሙሉ ጊዜ ትምህርት የሰጠ ተቋምና ሲመለስ የተቀበለው የሥራ ቦታ ናቸው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ የሙያ ለውጥ፣ የሥነ ጥበብ ትምህርት፣ አኒሜሽን፣ ጣና

1. መግቢያ

ደልጊ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚጓዘው መርከብ ከሚያርፍባቸው ወደቦች አንዷ የሆነች ከተማ ናት። እንደዚህ ባለ ከተማ የወር ደመወዝ ያለው ሥራ፣ መምህርነትም ይሁን የግብርና ባለሙያነት፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚከፈል ገንዘብ ተደርጎ አይታይም። ታናናሾች የሚማሩበት፣ ወላጆችም የሚጦሩበት የቤተሰብ ምሰሶ ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት ባለሙያ ሥራውን ለቅቆ ሙሉ ጊዜውን አኒሜሽን ለመማር ቢነሣ የሚጠየቀው ጥያቄ የራሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የቤቱም ጥያቄ ይሆናል።

በሌላ በኩል ሙያው ራሱ ሙሉ ጊዜ ይጠይቃል። በፊልም አንድ ሴኮንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ፤ አንድ ደቂቃ 1440 ምስሎች ማለት ነው። አንድን ሥዕል ለሁለት ምስል ያህል በማቆየት ሥራው በግማሽ ቢቀነስ እንኳ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ። ኮምፒዩተር ከዚህ ድካም ብዙውን ቢያቀልም፣ የአካልን እንቅስቃሴ፣ ክብደትንና ጊዜን አጥንቶ የመረዳቱን ሥራ አያስቀርም። ከሥራ መልስ በምሽት ብቻ ይህን ሁሉ መልመድ እጅግ አዳጋች ነው።

ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የመተረክ ልማድ ለጣና ዳርቻ እንግዳ አይደለም። በጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያምና በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳዎች ላይ የሚታዩት ሥዕሎች ተመልካቹን ከአንዱ ክስተት ወደ ሌላው እያሸጋገሩ ይተርካሉ። አኒሜሽን እንደ መተዳደሪያ ሙያ ግን በአገራችን ገና ወጣት ነው። ስለዚህ አስተማማኝ መስመርን ትቶ ሥዕል መማር ምን እንደሚያስከፍልና ምን እንደሚያስገኝ ለመመርመር ከፍጻሜው ሊታይ ወደሚችል ሕይወት መመለስ ይጠቅማል። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወት እንዲህ ያለ ነው። ወደ እርሱ ከመሻገር በፊት ግን ከዚያው ከጣና ዳርቻ የተነሣ አንድ ቀዳሚ ሰው መታየት አለበት።

2. የዘጌው ቀዳሚ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 በዘጌ ተወለደ። በ1880ዎቹ ወደ ጣልያን ተሻግሮ በቶሪኖ አልበርቲና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ሥዕል ተማረ። በአውሮፓ አካዳሚ ሥዕል ከተማሩት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ያሰኘውም ይህ ነው። ወደ አገሩ ሲመለስ በእንጦጦ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲሠራ ቢታዘዝም ከቤተ መንግሥቱ ጋር የነበረው ግንኙነት ሻከረ፤ እንደገናም ወደ አውሮፓ ሄደ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ በኔፕልስ የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም የአማርኛ ትምህርት ሥራ ላይ ተሰማርቶ የሰዋስው መጻሕፍት ጻፈ። በ1908 በሮም ያሳተመው፣ በኋላ ጦቢያ በሚል ስም የታወቀው ልብ ወለድም በአማርኛ የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ለመባል በቃ።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነጥብ የአፈወርቅ ሥዕል ወዴት ደረሰ የሚለው ነው። ትምህርቱን ተምሯል፤ ተሰጥኦም አላነሰውም። የተማረውን የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ሥራውን የሚያይለት የኤግዚቢሽን አዳራሽ፣ ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚያሠራው ደንበኛ ግን በአገሩ አልነበረም። የደጋፊው ፊት በዞረ ጊዜ ሙያው አብሮ ዞረ። ስሙ ዛሬ የሚነሣው በብሩሹ ሳይሆን በብዕሩ ነው። ከእርሱ 64 ዓመት በኋላ የተወለደው ገብረ ክርስቶስ የተለየ ዕጣ የገጠመው ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ በሁለቱ መካከል አገሪቱ ምን ተቋም እንደሠራችም አብሮ መጠየቅ ይገባል።

3. የብራና ሥዕል ከሚሠራበት ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ተወለደ። እናቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞቱበት ያደገው በአባቱ በአለቃ ደስታ ነጎ እጅ ነው። አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሆኑ በብራና መጻሕፍት ሥዕልም የታወቁ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድግ ልጅ ሥዕልን የሚያውቀው በትምህርት ቤት ከሚሰጥ ትምህርት አስቀድሞ ነው። ቀለም እንዴት እንደሚበጅ፣ መስመር ከቀለም በፊት እንዴት እንደሚሰመር፣ ትዕግሥት ምን እንደሚመስል የሚያየው በቤቱ ወለል ላይ ተቀምጦ ነው። ይህ ውርስ በኋላ በተከተለው ዘመናዊ ስልት ውስጥ ወዲያው ባይታይም የመጀመሪያው ድጋፍ እርሱ ነበር።

ወጣቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በሐረር ተከታትሎ ለሁለተኛ ደረጃ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከዚያም በ1950 በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የእርሻ ትምህርት ጀመረ። የዚህን ምርጫ ክብደት ለመረዳት ዘመኑን ማስታወስ ያሻል። ከጣልያን ወረራ ማግስት መንግሥት በየመሥሪያ ቤቱ የተማረ ሰው ያጣበት፣ ኮሌጅ መግባት የመንግሥት ሹመት ደጃፍ ላይ መቆም ማለት የነበረበት ጊዜ ነው። እርሻ ደግሞ በወቅቱ ልዩ ትኩረት ያገኘ ዘርፍ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ ጋር በተደረገ ስምምነት በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ (በወቅቱ ስሙ ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ) እገዛ የእርሻ ኮሌጅ እንዲቋቋም ተወሰነ፤ የኮሌጁም መቀመጫ ገብረ ክርስቶስ ከተወለደባት ከሐረር ብዙም በማይርቀው በአለማያ ሆነ። በዘመኑ ለአንድ የሐረር ልጅ ከእርሻ ሳይንስ የበለጠ የተረጋገጠ መንገድ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ገብረ ክርስቶስ ይህን መንገድ ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ተወው። ምክንያቱ ሥዕል ነበር። ውሳኔው በተለምዶ እንደ አንድ ቅጽበት ይተረካል፤ ተማሪው ደብተሩን ጥሎ ብሩሽ አነሣ ይባላል። የጊዜው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ኮሌጁን በተወበትና ወደ ጀርመን በሄደበት በ1957 መካከል በየትኛውም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳይመዘገብ ራሱን በራሱ ያስተማረበት ወቅት አለ። በዚያ ጊዜ የሚገባበት የአገር ውስጥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም ነበር። አንዱን መስመር መተው በአንድ ቀን ሊፈጸም ይችላል፤ ሌላውን መጀመር ግን በፍላጎት ብቻ አልሆነለትም፤ በር የሚከፍትለት ሌላ አካል መጠበቅ ነበረበት።

ይህ ዓይነት ሽግግር የእርሱ ብቻ አልነበረም። በዚያው በ1932 በአንኮበር የተወለደው አፈወርቅ ተክሌ በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተልኮ ሳለ ወደ ሥዕል ዞሯል። ልዩነታቸው በአነሣሣቸው ላይ ነው። አፈወርቅ ተክሌ አቅጣጫውን የለወጠው በውጭ አገር፣ ሊቀበሉት የሚችሉ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ባሉበት ከተማ ሆኖ ነው። ገብረ ክርስቶስ ግን የተነሣው የሚይዘው ሌላ ነገር በእጁ ሳይኖር ነው። የእርሱ ታሪክ ያለ ደመወዝ ወይም ያለ ድጎማ ለመማር ለሚያስብ የዛሬ ወጣት የበለጠ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ኮሎኝ፦ የሙሉ ጊዜ ትምህርት ዋጋ

በ1957 የምዕራብ ጀርመን መንግሥት የትምህርት ዕድል ሰጠውና በኮሎኝ ከተማ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1961 ተማረ። ከጊዜውም ከቦታውም አንጻር አጋጣሚው ልዩ ነበር። የናዚ መንግሥት በ1937 ዘመናዊውን ሥዕል ብልሹ ብሎ ለመሳለቂያ በአደባባይ አሳይቶት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመን ያን የተረገመ ጥበብ መልሳ በክብር በማስቀመጥ ላይ ነበረች። በ1955 በካሰል ከተማ የተጀመረው ታላቅ የሥዕል ትርኢት የዚህ መመለስ ምልክት ነበር፤ በ1959 የተካሄደው ሁለተኛው ዙርም ለረቂቅ ሥዕል ሰፊውን ቦታ ሰጠ። ገብረ ክርስቶስ በኮሎኝ የቆየው በእነዚህ ዓመታት ነው። የጀርመን ኤክስፕሬሽኒስቶች ቀለምን የስሜት ቋንቋ ያደረጉበትን ሥራ በመጽሐፍ ላይ ብቻ ሳይሆን በአካል ማየት የሚችልበት ጊዜ ነበር።

የሙሉ ጊዜ ትምህርት የሰጠው ዋናው ነገር ዘዴ ብቻ አይደለም። ለአራት ዓመት ያህል ለዕለት እንጀራ ሳይጨነቅ መሳሳት፣ የሠራውን ማፍረስና እንደገና መሥራት መቻሉ ራሱ ትልቅ ሀብት ነበር። በረቂቅ ሥዕል የሚታመን ሰው የሚያየውን ነገር መልክ እንዳለ መገልበጥን ትቶ፣ ቀለም ከቀለም ጎን ሲቀመጥ የሚፈጥረውን ግጭትና ስምምነት ማጥናት አለበት። ይህ ደግሞ በትርፍ ጊዜ ሊጠና የሚችል ጉዳይ አይደለም፤ ብዙ ያልተሳኩ ሥዕሎችን ይጠይቃል። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላም ወዲያው አልተመለሰም። በአውሮፓ እየተዘዋወረ ተመለከተ፤ ሥራዎቹንም በጀርመን አሳየ።

የርቀቱ ዓመታት ሌላም ፍሬ አፈሩ። ገብረ ክርስቶስ ግጥም የጻፈው ከሥዕል ጎን ለጎን ነው፤ እጅግ የታወቀው ሀገሬ የተሰኘው ግጥሙም የተጻፈው በጀርመን ሳለ ነው። በሥዕሉ የተወቀሰበት ከአገር ልማድ የመራቅ ነገር በአገር ናፍቆት ከተሞላው ግጥሙ ጋር ሲነጻጸር፣ ወደ ውጭ መሄዱ ከሥሩ የመነቀል ምልክት ነበር የሚለው ንባብ ይዳከማል። በኮሎኝ የተማረው ሰው ዓይኑ በአዲሱ ስልት፣ ልቡ በተወለደበት ምድር ላይ ነበር።

5. መመለሻው ቤት

ገብረ ክርስቶስ በ1962 ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ከስድሳ ከሰባ ዓመት በፊት ለዘጌው አፈወርቅ ያልነበረ ነገር ጠበቀው። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ትምህርታቸውን አጠናቀው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም በ1950ዎቹ መጨረሻ የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን አቋቁመው ነበር። ገብረ ክርስቶስ በዚያ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። እርሻን የተወው ወጣት በመጨረሻ የወር ደመወዝ አገኘ፤ የአሁኑ ደመወዝ ግን የሚከፈለው ስለ ሥዕሉ ነበር። ይህ ሦስተኛው ድጋፍ ነው።

በ1963 በአዲስ አበባ ያሳየው ኤግዚቢሽን ክርክር አስነሣ። አብዛኛው ተመልካች ሥዕል ሲል የሚጠብቀው የቅዱሳንን መልክ፣ የነገሥታትን ምስል ወይም የአገርን ገጽታ ነበር፤ ያየው ግን መልክ የሌለው የሚመስል ቀለም ነው። ስልቱ ከውጭ የተቀዳ ነው የሚል ትችት ተሰነዘረበት። በዚያው ዓመት የሠራው ጎልጎታ ለዚህ ትችት ከሁሉ የተሻለ መልስ ነው። ርእሰ ጉዳዩ ስቅለት ነው፤ አባቱ ያገለገሉት የብራና ሥዕል ወግ ደጋግሞ የሣለው ታሪክ። በብራናው ላይ የእያንዳንዱ ሰው ቦታ፣ ልብስና ምልክት በወግ የተወሰነ ነው። በጎልጎታ ግን ቀዩ ቀለም የበላይነቱን ይዞ ሕማሙን ራሱ ቀለሙ ይሸከማል። ልጁ የአባቱን ታሪክ ይዞ የነገረበትን ቋንቋ ለወጠ። ከዚህ አንጻር ሲታይ በእርሻና በሥዕል መካከል ያለው ሽግግር፣ ከሐረሩ ቤት የጀመረ ረጅም ጉዞ ወደ ቀደመ መስመሩ የተመለሰበት ነው ማለት ይቻላል።

ዕውቅናው ብዙ አልዘገየም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ዘርፍ ሸለመው፤ ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሽልማቱን ያገኘው የዕድሜ እኩያው አፈወርቅ ተክሌ ነበር። ከሽልማቱ የሚበልጠው ግን በመማሪያ ክፍል የሠራው ነው። በ1966 ከውጭ የተመለሰው እስክንድር ቦጎስያንም በትምህርት ቤቱ ሲያስተምር ሁለቱ ለዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥዕል ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሳዩ። በ1972 የተመረቀው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ከሁለቱም ተምሯል፤ በኋላም የግእዝ ፊደልን የሥዕል ቋንቋ በማድረግ በዓለም ታወቀ። በአንድ ሰው የተጀመረው የሙያ ለውጥ ለሌሎች ቀላል መንገድ የሆነው በዚህ ዓይነት ነው፤ ከገብረ ክርስቶስ በኋላ የመጣው ተማሪ ሥዕል ለመማር ኮሌጅ ማቋረጥና ዓመታት መጠበቅ አላስፈለገውም።

6. ድጋፉ ሲነሣ

ሕይወቱ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ታሪኩ የስኬት ምሳሌ ብቻ በሆነ ነበር። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ግን ጥበብ በመጀመሪያ የአብዮቱ መሣሪያ እንድትሆን ተፈለገ። የሚፈለገው ሥዕል በግልጽ የሚነበብ፣ መፈክር የሚያጅብ ነበር። ረቂቅ ሥዕል በዚህ አየር ውስጥ መተንፈሻው ጠበበ። ገብረ ክርስቶስ በ1970ዎቹ መገባደጃ አገሩን ለቅቆ በኬንያ በኩል ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደ። በመጋቢት 1981 በኦክላሆማ ግዛት በሎተን ከተማ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ነው። ኦክላሆማ በወጣትነቱ የተወው የእርሻ ሳይንስ ወደ አገሩ የገባባት ግዛት መሆኗ አጋጣሚ ብቻ ነው። ቢሆንም የሄደበትን የጉዞ ርዝመት ያስታውሳል።

የስደቱ ዓመታት የጽሑፉን መከራከሪያ ከተቃራኒው ጎን ያረጋግጣሉ። የእጅ ሙያው አልተወሰደበትም፤ ትምህርቱም አብሮት ነበር። የጎደለው ሦስተኛው ነው፤ የሚያስተምርበት ክፍል፣ የሚከራከረው ተመልካች፣ ቋንቋውን የሚሰማ አንባቢ። አስተማማኝ መስመርን መተው አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ዋጋ እንዳልሆነም ይህ ያሳያል። ሠዓሊው የሚቆምበት ተቋም ሲናጋ ዋጋው እንደገና ይጠየቃል።

ከሞቱ በኋላ የሆነው ደግሞ ተቋም ለጥበብ ያለውን ፋይዳ በሌላ መልኩ ያሳያል። ግጥሞቹ ተሰብስበው በመጽሐፍ ታተሙ። በጀርመን የቆዩ ሥዕሎቹ ወደ አገር ተመልሰው፣ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲው ገብረ ክርስቶስ በሁለተኛ ዓመቱ ጥሎት የወጣው የዚያው ኮሌጅ ወራሽ ነው። ያስተማረበት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ዛሬ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም ይጠራል።

7. ማጠቃለያ

የገብረ ክርስቶስ ሕይወት ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ መተው ብቻውን ሽግግር አይሆንም። ኮሌጁን በተወበትና ትምህርት ባገኘበት መካከል ያለው ጊዜ የተሸፈነው ከቤት በወረሰው የእጅ ልምድና በራስ ጥረት ነው። ሁለተኛ፣ የሙሉ ጊዜ ትምህርት የሚሰጠው ትልቁ ነገር ሳይራቡ መሳሳት የሚቻልበት ጊዜ ነው፤ ያንን ጊዜ አንድ አካል ሊከፍልለት ይገባል። ሦስተኛ፣ የተማረ ሰው የሚመለስበት ቤት ከሌለ ዕውቀቱ እንደ ዘጌው አፈወርቅ ሥዕል ወደ ሌላ መስመር ይፈስሳል።

እነዚህ ነጥቦች ለአኒሜሽንም ይሠራሉ። በ1942 የተወለደው የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን በመካኒክነት ሙያ ጀምሮ ወደ ፊልም የዞረ ሰው ነበር። ካናዳ ተጉዞ ከታዋቂው የአኒሜሽን ባለሙያ ከኖርማን ማክላረን ዘንድ ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1966ም በፕሬዚዳንት እንቁራሪት ላይ የሚያላግጠውን አጭር ፊልሙን ሠራ። የእጅ ሙያው፣ የውጭ ትምህርቱና መመለሱ በእርሱም ታሪክ ውስጥ ተያይዘው ይገኛሉ።

በደልጊም ሆነ በባሕር ዳር ደመወዙን ትቶ አኒሜሽን ለመማር የሚያስብ ወጣት ምን ያህል ደፋር ነህ ተብሎ ብቻ ቢጠየቅ ሸክሙ ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ከድፍረቱ ጋር እጁ አስቀድሞ ምን እንደሚያውቅ፣ የትምህርቱን ጊዜ ማን እንደሚሸከምለትና ሲጨርስ ወዴት እንደሚመለስ መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያውን ጥያቄ ወጣቱ ራሱ ሊመልሰው ይችላል። የቀሩትን ሁለቱን መመለስ ግን በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲዎችና የባህል ተቋማት ፈንታ ነው።